ነፋስ ይደርበት

ታኅሣሥ ፪፣ ሰኞ። ረፋድ።
ቀለሙ ዛሬም ረግቷል። የቀለም ቀንዱን ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅሁት። በላይነሽ ሚስቴ ሳቀችብኝ፤ እንቁላል የታቀፍክ ትመስላለህ አለችኝ። ሁለት ቅጠል ጻፍሁ። ጣቴ ደነዘዘ። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ቤት ድረስ ገብቷል። አንኮበር በታኅሣሥ እንዲህ ናት፤ ጎረቤትህን በሳሉ እንጂ በመልኩ አታውቀውም።

አንቺ ቁራጬ፣ የዕለት መዝገቤ፣ ጠባብ ነሽና ቃል ላሳጥር። የተሰፋሽው ከፊታውራሪው የጸሎት መጽሐፍ በተረፈ የብራና ዳርቻ ነው። እሱን ፊ/ሪ እለዋለሁ። መጽሐፉን ለጥምቀት ካደረስሁለት ይህ ቤት የቆመበት መሬትና ከጓሮ ያለችው የገብስ ማሳ ለእኔና ለልጆቼ ትሆናለች። ምሎልኛል። እስከዚያ ግን ባለመሬቱ እሱ ነው፤ ውጣ ካለኝ መውጣት ነው።

ተሲያት ላይ ሜዳ ወረድሁ። የቅኔ ቤት ልጆች የገና ጨዋታ ዱላ እየቆረጡ ነው። ዘንድሮ ደህና ወይራ አግኝተዋል። ዘንድሮስ!

ታኅ. ፬፣ ረቡዕ።
ኑርዬ ቆዳ ነጋዴው ከአልዩ አምባ ወጣ። አምና በአንድ አህያ ይመጣ የነበረ ሰው ዛሬ ሦስት ጭኖ መጣ። አብዛኛው የጥጃ ቆዳ። ስስ፣ ጠባሳ የሌለው፣ ለብራና የተፈጠረ። ደስ ብሎኝ እየገለባበጥሁ መረጥሁ። ምን ተገኘ ብዬ ብጠይቀው፣ ከቆላ ከብት እያለቀ ነው አለኝ። ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ሆዱ ይፈታል፣ ከዚያ ይወድቃል። አላህ ይጠብቀን አለና ቆዳውን መልሶ መደርደር ያዘ።

ቆላ መቼ በሽታ አጥቶ ያውቃል አልሁት። ጥሩ ጥሩውን ለይቼ ወሰድሁ።

ታኅ. ፱፣ ሰኞ።
ጾም ነው፣ ልጆቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። ከዚያ አንዳንድ እፍኝ ቆሎ ቃም አድርገው የገናዋን ኳስ፣ ሩሯን፣ ይዘው ሜዳ ይወጣሉ። በዚህ ሆድ ነው የግቢውን ዜማ ቤት ሊረቱ የሚሮጡት። የግቢው ተማሪዎች የሚበሉት ከፊ/ሪ ማዕድ ነው፤ አንገታቸው የወይፈን ነው። የእኛዎቹ፣ የየኔታ የቅኔ ተማሪዎች፣ ለምነው አዳሪ ናቸው። እኔም እዚያው ነው የተማርሁት፣ እዚያው ነው የለመንሁት። ሚናዬን የለየሁት ያኔ ነው።

ሰባት ገና ተረተናል። ሰባት! በአምስተኛው ሩር ቅንድቤን ሰነጠቀው። በስድስተኛው ከበላይነሽ ወንድም ጋር ተጣላሁ፤ እሱ የግቢው ወገን ነው፣ እስከ ዛሬ ደጃችንን አልረገጠም። እሷ ይህን አትረሳልኝም። ምን አገባህ ትለኛለች፣ ጎልማሳ ሰው፣ የልጆች አባት። እውነቷን ነው። ግን ሩሯ ስትለጋ እግሬ ብቻውን ይነሣል፣ ምን ላድርግ?

የገናው ወግ ደግሞ አለ። የረታው ወገን ማታውኑ ጌታው ግቢ ገብቶ ጌታውን በግጥም ይሰድባል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ። ጌታው ይስቃል፣ ያበላል፣ ያጠጣል። ግጥሙን ለልጆቹ የምገጥምላቸው እኔ ነኝ። በየዓመቱ አንድ አዘጋጃለሁ፤ በየዓመቱ እንረታና ሳይባል ይቀራል። ሰባት ግጥም ሆዴ ውስጥ ሻግቷል።

ዛሬ አድማሱ ጠጋ አለኝ። የልጆቹ አለቃ እሱ ነው፣ ረጅም ዲያቆን፣ ቅኔ አይሆንለትም እንጂ ሲሮጥ ሚዳቋ ነው። ክታብ ጻፍልን አለ። የሚያስረታ። ጮኽሁበት። ደብተራ ሁሉ ጠንቋይ ይመስላቸዋል! እኔ ቁም ጸሐፊ ነኝ አልሁት፣ ፊደል እንጂ መተት አልጽፍም። አንገቱን ደፍቶ ሄደ።

ታኅ. ፲፫፣ ዓርብ። ከጨዋታ መልስ።
ተረታን። ዋናው ጨዋታ አይደለም፣ ማሟሟቂያው ነው፤ ቢሆንም ተረታን። አራት ለባዶ።

ይህ ባልከፋ። ልጆቹ ሲመለሱ እንደ ልማዳቸው ፊ/ሪ ደጅ ቆመው በእንተ ስማ ለማርያም አሉ። በረኛው ለተሸናፊ ቁራሽ የለም አላቸውና ውሻ ለቀቀባቸው። የአድማሱን ባት ዘነጠለው። ተሸክመው አመጡት፣ ደሙን ያጠብሁት እኔ ነኝ። ሲስቅ ነበር፣ አያችሁ፣ በጌታ ቤት ውሻውም በጾም ሥጋ ይበላል እያለ። እኔ አልሳቅሁም።

እዚያው ተቀምጬ የዘንድሮውን ግጥም ጻፍሁ፦

የጌታዬ በረት ሺህ ላም ያለበት፣
ለከርሞ ስንመጣ ነፋስ ይደርበት።

ይህ የጨዋታ አይደለም። ከልቤ ነው። ይድረስበት። አሜን።

ታኅ. ፲፬፣ ቅዳሜ።
ለአድማሱ እንዲያጠናው ግጥሙን በቁራጭ ብራና ጽፌ ሰጠሁት። ራሱ ደንቆሮ ነው፣ በቃል ብነግረው እስከ ገና ሦስት ጊዜ ይለውጠዋል።

ከዚያ የኔታ ዘንድ ሄድሁ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆየ፣ ጆሮአቸው ግን ጉንዳን ሲሄድ ይሰማል። ግጥሙን አልሁላቸው፤ ያደንቁልኛል ብዬ። ጽፈኸዋል ወይ አሉኝ። አዎ አልሁ። የገና ምሕረት ለአፍ ነው ልጄ አሉኝ፤ ለቀለም አይደለም። አፍ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ሂድና ተቀብለህ አቃጥለው።

እሺ አልሁ። የምር እሺ ብዬ ነበር።

ታኅ. ፳፮፣ ሐሙስ።
ሥራ አፍኖኝ ሳልጽፍሽ ሰነበትሁ። ያለቁትን አራት ጥራዞች ለፊ/ሪ አስረከብሁ። ከደብረ ብርሃን የተመለሰው ትናንት ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን እያደረገ አንድ በአንድ አየው። ጽሕፈትህን ከሺህ ጽሕፈት መሀል እለየዋለሁ አለኝ። ክፉ ሰው ይሆናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ደግ ሆኖ ጠበቀኝ። የአድማሱን መነከስ ስነግረው ደነገጠ፤ አልሰማም ነበር። በረኛውን በፊቴ አስጠርቶ አዋረደው።

ከዚያ በረቱን ላሳይህ አለ። ልጅ የለውም። ላሞቹን በስማቸው ይጠራቸዋል፣ እነሱም ዞር ይላሉ። ዳለቻ የምትባል አሮጊት ላም አለች፣ እጁን ስትልሰው ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔን የሚቀብሩኝ እነዚህ ናቸው ይላል እየሳቀ። መሬት ውጠኝ አልሁ።

አድማሱን ቁራጯን አምጣ ብዬ ልጠይቀው ሜዳ ወረድሁ። ለቅሶ ሄዷል አሉ። ነገ።

ታኅ. ፳፱፣ እሑድ፣ ገና።
ረታን!!! ረታን! ረታን! በላይነሽ እብድ ነህ ትበል። እሑድም ይሁን፣ በዓልም ይሁን እጽፋለሁ። ሁለት ለአንድ። አንድ ለአንድ ሆነን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አድማሱ በዚያ በተነከሰ እግሩ እያነከሰ ከግቢው ልጆች መሀል ሩሯን ሾልኮ አወጣት። ለጋት። ወይ ጉድ! የሄደችበትን ያየ የለም፣ ጩኸቱን ነው የሰማነው። የማላውቀውን ሽማግሌ አቅፌ አለቀስሁ። ስምንት ዓመት!

ማታ ፊ/ሪ ግቢ ገባን። እኔ ከኋላ፣ ጋቢዬን ተከናንቤ። ልጆቹ እየጨፈሩ ከአዳራሹ እስከ በረቱ ደጅ ዞሩ። ስለ ሆዱ፣ ስለ ራሰ በራው ሰደቡት፤ ሳቀ። የእኔን አሉት። ነፋስ ይደርበት ሲሉ ሳቁ ለትንሽ ጊዜ ፊቱ ላይ ቀረ፣ ቆመ። ከዚያ ደግሞ ሳቀ። ሙክት አሳረደ፣ ጠጅ አስቀዳ። ወግ ነዋ።

ስንወጣ ግን አየኝ። ደብተራ ተክሌ፣ አንተም አለህ? አለኝ። አለሁ ጌታዬ አልሁ።

ቤት ስገባ ለበላይነሽ ነገርኋት። ካፍ የወጣ አፋፍ አለችና ፊቷን አዞረች።

ታኅ. ፴፣ ሰኞ።
አድማሱ እየሳቀ መጣ። ሚስጥር ልንገርህ አለ። ቁራጯን ብራና በቆዳ ሰፍቶ አንገቱ ላይ አስሮ ነበር የተጫወተው። ክታብ አልጽፍም ብትል ጻፍህልኝ አለኝ። እጅህ መድኃኒት ነው!

አምጣት አልሁት። ጭፈራው ላይ ክሩ ተበጥሶ ወደቀች። የት? ግቢው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

ጆሮ ግንዱን በጥፊ አልሁት። እኔ፣ ሰው መትቼ የማላውቅ። ከዚያ አብረን ፍለጋ ወጣን። ግቢው በር ድረስ ያለውን መንገድ በእግራችን አበጠርነው። የለችም። ግቢ ገብተን ምን እንፈልጋለን ልንል ነው?

ጥር ፬፣ ዓርብ።
የፊ/ሪ ሁለት ላሞች ዓይናቸው ያነባል ተባለ። የጉም ብርድ ነው አሉ። እኔም የጉም ብርድ ነው አልሁ። ብዕሬን ስቀርጽ ጣቴን ቆረጥሁ።

ጥር ፮፣ እሑድ።
ብርድ አይደለም። ዳለቻ ሞተች። ከእሷ ጋር ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር የለም። ከገደሉ አፍ እየጎተቱ ይጥሏቸዋል፤ ሽታው ቤታችን ይደርሳል። ሰማዩ ጥንብ አንሣ ብቻ ነው። ፊ/ሪ በረቱ ደጅ ጭድ ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ እህል አልቀምስም ብሏል ይላሉ።

አምላኬ ሆይ፣ የእኔ ቃል አይደለም አይደል? ኑርዬ ገና ጾሙ ሳይጋመስ ነግሮኝ ነበር። አንቺ ላይ ጽፌዋለሁ። ታኅ. ፬። ገልጬ አየሁት፣ ተጽፏል። ጥቂት ተነፈስሁ።

ጥር ፰፣ ማክሰኞ።
በላይነሽ ባዶ እንስራዋን ይዛ ከምንጭ ተመለሰች። ሴቶቹ ሲያዩዋት ጀርባቸውን ሰጧት። አንዷ፣ የድሮ ሚዜዋ፣ ጎትታ ነገረቻት። እረኛው የሞቱትን ሲያወጣ ከበረቱ ደጅ ጭቃ ውስጥ በቆዳ የተሰፋ ነገር አገኘ። የፊ/ሪ ንስሐ አባት ፈቶ አነበበው። መተት ነው ተባለ፤ ላሞቹ የሚረግጡት ቦታ ተቀብሮ። ከአራቱ ጥራዞች ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ጽሕፈቱን አስተያዩት።

ከሺህ ይለየዋል። ነግሮኝ ነበር።

አገሩ ሁሉ የሚለው ደግሞ ይህ ነው፦ ሰባት ዓመት የተሸነፈ፣ ቆሎ የሚቆረጥም፣ እግሩን ውሻ የነከሰው ልጅ፣ በምን ኃይል ረታ? ስለሮጠ ነው ብል ማን ያምነኛል? ስምንት ዓመት የለመንሁት ነገር መሰከረብኝ።

አድማሱን ፍለጋ ሄድሁ። ዛሬ ማለዳ አኩፋዳውን አንግቶ በደብረ ብርሃን መንገድ ወጥቷል። ጎጃም ሌላ የኔታ ዘንድ ሊገባ ነው አሉኝ። የቅኔ ተማሪ አገር አያጣም። እኔ ሚስት አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ያላለቀ መጽሐፍ አለኝ።

ጥር ፲፩፣ ዓርብ፣ ጥምቀት።
ቀሪውን ጥራዝ ትናንት ጨርሻለሁ፤ የሚረከበኝ አልመጣም። ወንዝ ወረድን። አጠገቤ የቆመ ሰው የለም። የግቢው ወገን አልገረመኝም። የእኛው ናቸው እንጂ! በገና ዕለት አቅፌ ያለቀስሁበት ሽማግሌ ልጁን ይዞ ከፊቴ ፈቀቅ አለ። በእነሱ ጉዳይ ቅንድቤ ተሰንጥቋል፣ አማቼን አጥቻለሁ። አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። የኔታ ብቻ እጄን ፈልገው ያዙኝ። አቃጥለው ብለውኝ ነበር፣ አላነሡትም።

ቤት ስንመለስ በሬያችን፣ ያለን አንድ በሬ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ዓይኑ ያነባል። በላይነሽ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እኔ የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ልንገርሽ፦ እሰይ፣ የእኔም ሞተ፣ ምስክር ይሆነኛል። እግዜር ይይልኝ። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?

ምስክርም አልሆነኝ። ጎረቤት ሰምቶ፣ ክፉ ቃል ባለቤቱንም አይምርም አለ።

ጥር ፲፫፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።
የፊ/ሪ መልእክተኛ መጣ። ነገ በማለዳ ቀሪውን ጥራዝ ይዤ እንድቀርብ። ሽማግሎች ይቀመጣሉ። ቃሉ ይህ ነው፦ ደብተራው ለጨዋታ ነው የጻፍሁት ካለ ያሳየኝ። ካሳየኝ ወግ ነው፣ አልቆጣም፣ መሬቱንም አልነፍገውም። ካላሳየኝ ቤቱን ለቅቆ ይውጣ፤ እጁንም በሰንሰለት አስሬ ለዳኛ እሰጣለሁ።

ላሞቹ ካለቁ በኋላም ወግ ያለ ሰው ነው።

የማሳየው አንቺን ነው። ሌላ ምን አለኝ? ሰባቱ ዓመት አለብሽ፣ የገናው ወግ አለብሽ፣ ኑርዬ የነገረኝ አለብሽ፤ በሽታው ከግጥሙ በፊት ከቆላ እንደተነሣ አለብሽ። ክታብ አልጽፍም ብዬ አድማሱን እንዳባረርሁት አለብሽ። በላይነሽ ሳነብላት መጀመሪያ ፊቷ በራ። ይኸው ዳንህ አለች። ከዚያ ታኅ. ፲፫ ደረስሁ።

ይህ የጨዋታ አይደለም። ከልቤ ነው። ይድረስበት። አሜን።

በሬው ውጭ ሲያቃስት ይሰማል።

ፋቀው አለች። ጸሐፊ አይደለህ? ካራ የለህም? አንድ መስመር ናት። ለልጆችህ ስትል ፋቅ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፣ አንተ ግን ከሁለቱም ብሰሃል አለችኝ። እያለቀሰች ነው የምትሰድበኝ።

ቅጠሏን ገንጥዬ ልጣላትም አሰብሁ። ግጥሙም ያለው እዚያው ነው፤ የጎደለ ቅጠል ደግሞ ከተጻፈው በላይ ያስጠረጥራል።

ተሲያት።
ካራዬን ሳልሁ። በሃያ ዓመት ስንት ስሕተት ፍቄያለሁ፣ ማንም አላየብኝም። ፋቅሁት። በቀስታ፣ ብራናውን ሳልበሳ። በድንጋይ አለሰለስሁት። ባዶ ሆነ፤ አማረ።

ወደ ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ቀለሙ በሥሩ ነክሷል። ከልቤ የሚለው ጥላው ይታያል። ለሌላ ሰው አይታይ ይሆናል። ፊ/ሪ ግን ቅጠል ሁሉ ወደ ብርሃን አድርጎ ነው የሚያየው። የተፋቀ ካየ የቀረውንም አያምንም። ደግሞም...

ደግሞም እውነት ነው። ያን ዕለት ከልቤ ነበር። በሽታውን እኔ አላመጣሁትም፣ ይህን አውቃለሁ። ግን ተመኝቼዋለሁ። ዳለቻ እጁን ስትልስ ቆሜ አይቻለሁ፣ ያኔም ሄጄ አላቃጠልሁትም። ነገ ብዬ ነው የተውሁት።

ጥር ፲፬፣ ሰኞ፣ ማለዳ።
በሬው ወድቋል። በላይነሽ የልጆቹን ልብስ በአቁማዳ ቋጥራ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች። የት እንደምትሄድ አልጠየቅኋትም። ከኔ ጋር ነው ብላለች፣ ወንድሟ ዘንድ አይደለም።

ቀለሙ ረግቶ ነበር። ብብቴ ውስጥ አሞቅሁት። ዛሬ የሳቀ የለም። የተፋቀውን ቦታ ገለጥሁ፣ ብዕሬን ነከርሁ፣ በላዩ መልሼ ጻፍሁት። በዚያው ጽሕፈት፣ እሱ በሚያውቀው። ከልቤ ነበር። እዚህ ደግሞ ልጨምር፦ ጌታዬ፣ በሽታው የእኔ አይደለም፤ ምኞቱ ግን የእኔ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

በላይነሽ ከትከሻዬ በላይ ሆና ስጽፍ አየች። ማንበብ አትችልም። ፋቅኸው ወይ አለችኝ። ፍቄው ነበር፣ መልሼ ጻፍሁት አልኋት። ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ጋቢዬን አነሣችና ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ፤ ውጭው ብርድ ነው አለች።

መልእክተኛው ደጅ ቆሟል። ቀሪው ጥራዝ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ አንቺ ብቻ ቀረሽ። ወደ አዳራሹ የሚገባው በበረቱ በኩል ነው፤ በሩ ክፍት ነው አሉ፣ የሚዘጋበት ነገር ስለሌለ። በይ ነይ፣ እንዳነበበሽ ይፍረድ።